የእማዬ ኮረሪማ

ሽማግሌዎቹ የመጡት በጥር ወር፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሦስት ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው እማዬ ፊት ቆሙና፣ «ልጅዎን ፀዳልን ለልጃችን ለጀንበሬ ብለን ደጅዎ መጥተናል» አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። በአርባ አንድ ዓመት በመጋረጃ ቀዳዳ ማጮለቅ እንደሚያሳፍር አላጣሁትም፤ ቢሆንም አጮለቅሁ።

እማዬ አስቀመጠቻቸው፣ ጤናቸውን ጠየቀች፣ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እንዲህ አለች።

«ጀንበሬ ጨዋ ሰው ነው፤ አልጠላሁትም። ነገር ግን ባለቤቴ ያረፉ ዕለት ለቁልቢው ገብርኤል ተስያለሁ። በዚህ ግቢ ኮረሪማ ጸድቆ ካላየሁ እኔም ከዚህ ቤት አልወጣም፣ ልጄንም አልድርም ብያለሁ። አንዴ ከአፌ ወጥቷል፤ ምን ላድርግ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሽማግሌ ከእናት ጋር ይከራከራል፣ ከአባት ጋር ይከራከራል፤ ከገብርኤል ጋር የሚከራከር ሽማግሌ ግን ገና አልተፈጠረም። ውሃቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ።

ሰው ሲሳል ጧፍ ይሳላል፣ ጃንጥላ ይሳላል፣ ያለው ወይፈን ይሳላል። የኔ እናት በኮረሪማ ተሳለች፤ ያውም ጅቡቲ ላይ።

ኮረሪማን እኛ እዚህ የተወለድነው የምናውቀው ደርቆ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ቅቤ ሲነጠር ነው። ተክሉ ግን የደን ልጅ ነው። በካፋና በጅማ ጫካ፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ፀሐይ በወንፊት ተነፍታ በምትወርድበት ቦታ ይኖራል። አንዴ ከጸደቀ ለብዙ ዓመት ከሥሩ እያቆጠቆጠ ይቆያል። ጥላ ካጣ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ እርጥበት ካጣ ይሞታል። የእኛ ከተማ ደግሞ መሬቷ የዛጎልና የድንጋይ ስባሪ ነው፣ የቧንቧ ውሃዋ ጨው ጨው ይላል፣ በሐምሌ ነፋሷ የምድጃ አፍ ነው።

እኔ የምኖረው ችግኝ አፍልቼ ነው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለው ቤታችን፣ አባዬ ኃይለማርያም የምድር ባቡር መካኒክ ሳለ የገባበት ነው፤ ግቢው ከቤቱ ይሰፋል። በግቢው ጫፍ የብረት ቱቦ አቁሜ አረንጓዴ የጥላ መረብ ዘርግቻለሁ። እዚያ ሥር ኒም አለኝ፣ ቡጌንቪሊያ አለኝ፣ ሎሚ አለኝ። ሜኔሊክ አደባባይ ካፌዎቹ በረንዳ ላይ የሚታዩት አበቦች አብዛኞቹ ከእኔ መረብ ሥር የወጡ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ የማጠጣቸውም እኔ ነኝ። እማዬ አትኩራሪ ትለኛለች። እኮራለሁ።

ስለዚህ ስለቱን በሰማሁ ጊዜ አላለቀስኩም። ማፍላት ሥራዬ አይደል? አፈላዋለሁ አልኩ። ሞኝ ነበርኩ።

ሽማግሌዎቹ በመጡ በሳምንቱ እማዬን እግሯ ያዛት። ጠዋት «ፀዲ!» ብላ ጠራችኝና «ልነሳ ብል እምቢ አለኝ» አለች። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፣ ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙሮ አይቶ፣ «አጥንቷ ደህና ነው፤ ከዕድሜ ይሆናል» አለ። እማዬ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአልጋ ወደ በረንዳው ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ አልጋ፣ ወደ ሽንት ቤትም ጭምር፣ ክንዷን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ የምወስዳት እኔ ሆንኩ። አመሻሽ ላይ እግሯን በሳፋ አጥቤ በቅባት አሻለሁ። ከቤት የምወጣው ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው። አራት ሰዓት ካለፈ፣ የግቢውን በር ገና ሳልከፍት «ፀዲ!» ሲል የሚሰማኝ ድምፅ አለ። አንዳንዴ አደባባዩ መሃል ቆሜም ይሰማኛል።

ትልቅ ሴት ናት፣ ለምን ዝም ብላ አትሄድም የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይበል። የእናቷን ስለት አስፈርሳ፣ እናቷን ወንበር ላይ ጥላ ሄዳ ያገባች ሴት ምን ዓይነት ትዳር ትይዛለች? እንደዚያ እያልኩ ነበር የምኖረው። እየመሸ ሲሄድ ግን፣ ቅባቱ እጄ ላይ ሳለ፣ ወደ ግቢው በር እያየሁ እንፋሎት የገባበት ጠርሙስ ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። የውጭውን አያለሁ፤ አልወጣም።

የመጀመሪያውን ዘር የሰጠችኝ ራሷ ናት። ከብረት ሣጥኗ ሰባት ፍሬ ኮረሪማ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። «የአገሬ ነው» አለች። እማዬ የካፋ፣ የቦንጋ ልጅ ናት፤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ አባዬ አግብቶ በባቡር አመጣት። ፍሬውን ፈልቅቄ ዘሩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ ግማሹን በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ ግማሹን ለብ ባለ ውሃ አሸሁ። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ስድስት ወር ጠበቅሁ። ከመደቡ ላይ የበቀለው አረም ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዙር ካርቲየ 4 ገበያ ሄጄ አንድ ኪሎ ሙሉ ገዛሁ። ያም እንዲሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። እማዬ ከወንበሯ ሆና፣ «ምን ታደርጊ ልጄ፣ ገብርኤል የፈቀደው ቀን ይበቅላል» እያለች ታጽናናኛለች። ማጽናናቷ እውነት የእናት ነበር፤ ፀጉሬን ሁሉ ትዳስሰኛለች።

ጀንበሬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከወደብ ማዳበሪያና ስንዴ ጭኖ ወደ አዳማ ይመላለሳል። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ሳቁ ግን አልሞተም። ከተማ በገባ ቁጥር መኪናውን ከከተማው ዳር፣ ፒኬ ዱዝ የጭነት መኪና ማቆሚያ ትቶ በታክሲ ለእማዬ ሙዝ፣ ለኔ ጨዋታ ይዞልኝ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ «እናትየዋ ስለት አለባቸው፣ ጠብቅ» ብለውታል። የምን ስለት ብሎ አልጠየቀም፤ የሰው ስለት አይጠየቅም። እኔም አልነገርኩትም። ሃፍረት ያዘኝ።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ መረቡ ሥር ቆመን እንዲህ አለኝ።

«ፀዳል፣ ከፋሲካ በኋላ መሪ አልይዝም። ወገቤ በቃኝ ብሏል። አዳማ ቤቱን ጨርሻለሁ፤ ሁለት ክፍልና ጓሮ አለው። ለመጨረሻ ጊዜ የምመጣው ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ነው። ያን ጊዜ አብረሽኝ ካልሄድሽ ግን እንዴት ተመልሼ እንደማገኝሽ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገርኩት። ስለቱን፣ ሰባቱን ፍሬ፣ የአሸዋ ወረቀቱን። ጀንበሬ ከገበያ ከገዛሁት የተረፈ አንድ ፍሬ አንስቶ አሸተተና ሳቀ። ቁጭ ብሎ ሳቀ። እንባውን ጠረገ።

«የኔ እመቤት፣ ይሄ እኮ የተቀቀለ ባቄላ መዝራት ነው! ኮረሪማ ሲለቀም ቀይ ነው፣ እንደ በርበሬ። ለገበያ የሚሆነው ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ተሰጥቶ ሳምንታት በጭስ ይደርቃል። ጭስ የጠጣ ዘር ሞቷል። ለዘር የሚሆነው ቀዩ ነው፤ ያውም በተለቀመ በቀናት ውስጥ። እኛ አገር፣ ጅማ፣ ይሄን የማያውቅ ሕፃን የለም።» እየሳቀ ጠየቀኝ። «ለመሆኑ እናትሽ የየት አገር ሰው ናቸው?»

«የቦንጋ» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። ወደ በረንዳው ዞር ብሎ አየ። እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና ሙዝ ትልጣለች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ስነክር፣ ስፈገፍግ፣ ጠዋት ተንበርክኬ አፈር ሳይ፣ እናቴ የሞተ ዘር እንደምዘራ ታውቅ ነበር። ደሜ ፈላ። ሄጄ ልጮህባት ፈለግሁ። ግን ምን ትለኛለች? «ልጅ ሆኜ ነው የወጣሁት፣ ረስቼው ነው» ትለኛለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች፣ ከዚያ አቅፌ አባብላታለሁ። ዙሩን አውቀዋለሁ።

«ቀዩን አምጣልኝ» አልኩት ጀንበሬን።

«አመጣለሁ። አንቺ ግን እንዲበቅል ትፈልጊያለሽ?»

ከዚህ ግቢ ሌላ የኖርኩበት የለም። አዳማ ምን እንደሚበቅል አላውቅም፣ የአማትና የጎረቤት ወግ አላውቅም፣ የባል ሸሚዝ ተኩሼ አላውቅም። የእማዬ ስለት ለእኔም መደበቂያ ሆኖኝ እንደነበር ያን ቀን ገባኝና በራሴ አፈርኩ።

«እፈልጋለሁ» አልኩ።

በኅዳር መጣ። አሥራ አምስት ቀይ ፍሬ፣ በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከጋቢናው ማቀዝቀዣ ሥር ተቀምጦ። ፍሬውን ስከፍተው ዘሩ ዝልግልግ ባለ ነጭ ሽፋን ውስጥ ነበር፤ ሽታው ከቅመሙ ይበልጥ ለጋ፣ ለዓይን ሳይቀር የሚሰማ። ሽፋኑን በአመድ አሽቼ አጠብኩና በዚያው ቀን ሳጥን ውስጥ ዘራሁ። አፈሩን እኔው ከብስባሽ ያዘጋጀሁት ጥቁር አፈር ነው። መረቡን ሁለት ድርብ አደረግሁት። ውሃውን ግን ከቧንቧ መስጠት አልደፈርኩም።

እዚህ ላይ ጀዋሪያ ትግባ። ጀዋሪያ አጥር የምንጋራት ልብስ ሰፊ ናት፤ በሱማሊኛ «አባዮ» እያለች እህቴ ትለኛለች። ሱቋ ውስጥ ሁለት የአየር ማቀዝቀዣ፣ እኛ ክሊማ የምንለው፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። ክሊማ ደግሞ ሲሠራ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጨው የሌለበት፣ እንደ ዝናብ የጠራ ውሃ። ጀዋሪያ ከሁለቱ ሥር ጀሪካን አስቀመጠችልኝ። «ሰው በዚህ አገር ውሃ ለግመሉ ይለምናል፣ አንቺ ለቅመም ትለምኛለሽ» እያለች ትስቅብኛለች። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በጣቶቼ እየረጨሁ አጠጣሁ።

ለእማዬ «ሌላ ዙር ልሞክር» አልኳት እንጂ ቀይ ነው አላልኳትም። «ሞክሪ» አለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

በሃምሳ ሁለተኛው ቀን፣ በጥር፣ መረቡ ሥር ጎንበስ ስል አየሁት። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ፣ ተጠቅልሎ የቆመ አረንጓዴ። ጎኑ ሌላ። ወዲያ ማዶ ሌላ። በሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ሆኑ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በደስታ ነው ብዬ ለጀዋሪያ ነገርኳት፤ ግማሹ ፍርሃት ነበር።

ሳጥኑን ተሸክሜ እማዬ ፊት አስቀመጥኩት። እማዬ አየች። አማተበች።

«እሰይ» አለች። «ግን ልጄ፣ መብቀል መጽደቅ አይደለም። የተሳልኩት ጸድቆ ካየሁ ብዬ ነው። ሦስተኛ ቅጠል ያውጣና ያን ጊዜ እንነጋገራለን» አለች።

ክፉው ነገር ልክ መሆኗ ነው። ሦስተኛ ቅጠል ያላወጣ ችግኝ እኔ ራሴ ለሰው አልሸጥም።

ችግኝ የሚያፈላ ሰው ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ አያስቀምጥም፤ በሽታ ቢገባ ሁሉንም ይወስድበታል። ከአሥራ አንዱ ሁለቱን ወደ ፕላስቲክ ከረጢት አዛውሬ ጀዋሪያ ሱቅ ጓሮ፣ ክሊማው ሥር ጥላ ላይ አኖርኳቸው። ልማድ ነው፤ ማንንም ጠርጥሬ አልነበረም። እማዬን አልነገርኳትም፤ ለመደበቅ ሳይሆን፣ ነገሩ ወሬ ስላልሆነ ነው።

ዘጠኙ ሁለተኛ ቅጠል አወጡ። ከዚያ በየካቲት መጨረሻ የቅጠላቸው ጠርዝ ቡናማ መሆን ጀመረ። መጀመሪያ ከሙቀቱ ነው አልኩ፣ ሦስተኛ መረብ ጨመርኩ። ሻጋታ ይሆናል ብዬ ውሃ ቀነስኩ። ስድስት ቀሩ። ውሃ መቀነሴ ይሆናል ብዬ መልሼ ጨመርኩ። ሦስት ቀሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዘጠኙም መሬት ላይ ተኝተው ነበር። የአፈሩን ፊት ነጭ ነገር እንደ ቅርፊት ሸፍኖታል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ምስር የምታክል ክብ ነጭ ፍሬ ወጣች። ወደ ምላሴ አስጠጋኋት።

ጨው ነበረች። ክቡ የአሳል ሐይቅ ጨው፣ እማዬ በጣሳ አድርጋ ኩሽና የምታስቀምጠው።

ጨው በእግሩ አይሄድም። የግቢውን በር እኔ ነኝ የምቆልፈው፤ ቁልፉም በአንገቴ ነው። ግቢው ውስጥ ያለችው እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ እግር የላትም። ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ምናልባት ብስባሹ ውስጥ የኩሽና ትራፊ ስከት አብሮ ገብቶ ይሆናል አልኩ። ሰው ማመን የማይፈልገውን ነገር ላለማመን ብዙ ይደክማል።

እማዬ የዚያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጥ አጽናናችኝ። ጭኗ ላይ አስተኛችኝ። «የገብርኤል ፈቃድ ካልሆነ ምን ይደረጋል» አለችኝ። «አለሁልሽ አይደል እኔ?» አለችኝ። በሽበቷ ውስጥ የማውቀው የቅባት ሽታ ነበር፤ እንደ ልጅ አንቀላፋሁ። ስነቃ ደረቴ ላይ የተጫነኝ ነገር እጇ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሳፋውን አምጥቼ እግሯን አጠብኩ። ቀኝ እግሯን ጨርሼ ግራውን ሳነሳ በጣቶቿ መሃል ጥቁር አፈር አየሁ። በአውራ ጣቴ አወጣሁት። እርጥብ ነበር።

የግቢያችን መሬት ነጭ ነው። ጥቁር አፈር ያለው መረቡ ሥር ብቻ ነው።

ቀና ብዬ አላየኋትም። መጀመሪያ የተሰማኝን ብናገር የሚያምነኝ የለም፤ ደስታ ነው የተሰማኝ። እማዬ ትሄዳለች! አልኩ በልቤ። ሌሊት ብትወድቅ፣ እኔ ሳልኖር እሳት ቢነሳ፣ ምን ትሆናለች እያልኩ የተጨነቅሁት ሁሉ እንደ ሸክም ከጫንቃዬ ወረደ። ንዴቱ የመጣው ኋላ ነው። ሁለት ዓመት። ክንዷን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ።

እግሯን አደረቅሁ፣ ቅባት ቀባሁ፣ አልጋዋ ላይ አስተኛኋት።

በማግስቱ ጠዋት ገና ሳትነሳ ለካሁት። ከወንበሯ እስከ ኩሽናው ዘጠኝ እርምጃ። ከኩሽናው እስከ መረቡ አሥራ ስምንት፤ መሃል ላይ አንድ ደረጃ አለ፣ መረቡ ጋ ደግሞ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ሃያ ሰባት። በጨው ውሃ የተሞላ ጣሳ ይዞ ሃያ ሰባት እርምጃ የሚሄድ ሰው ገበያም ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ጠበቅሁ። በየቀኑ ጀዋሪያ ጓሮ ሄጄ ሁለቱን ችግኞች አያለሁ፤ ስመለስ ክንዴን ለእማዬ እሰጣለሁ። ሁለታችንም አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን እየተዋሸን ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ያ ጊዜ ነው፤ ውሸቱን ሳላውቅ የታሰርኩት አውቄ እንደታሰርኩት አላንገበገበኝም። ፋሲካን ፈሰክን። እማዬ ዶሮው ላይ የተነጠረ ቅቤ ጨምሪ ስትለኝ ጨመርኩ።

ጀንበሬ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ደወለልኝ። «ገብቻለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት እነሳለሁ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። የዚያን ዕለት ጀዋሪያ በአጥሩ ላይ «አባዮ! ነይ ቁጠሪ!» ብላ ጮኸች። አንደኛው ሦስተኛ ቅጠሉን ዘርግቶ ነበር።

ፕላስቲኩን ተሸክሜ ገባሁና መረቡ ሥር፣ ዘጠኙ ከሞቱበት ሳጥን አጠገብ አስቀመጥኩት። ከዚያ በረንዳው ጋ ሄጄ እማዬ ፊት ቆምኩ።

«እማዬ፣ ኮረሪማው ጸድቋል። ሦስተኛ ቅጠሉን አውጥቷል።»

ወንበሯ ላይ ቀና አለች። «የቱ ኮረሪማ? ሞቷል አላልሽም?»

«ሁለቱን ጀዋሪያ ጋ አሳድጌአቸው ነበር። መረቡ ሥር አለልሽ።»

«አምጪልኛ፣ ልየው።»

«አላመጣም። ነይና እዪው» አልኳት። «ከወንበርሽ እስከ መረቡ ሃያ ሰባት እርምጃ ነው። በኩሽናው በኩል ከሆነ።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ከግቢው ውጭ መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ የጀዋሪያ ስፌት መኪና ይንጫጫል። እማዬ ከንፈሯን ነከሰች። አንዴ ወደ ግቢው በር፣ አንዴ ወደ እግሯ አየች። ከዚያ የወንበሩን ክንድ ተደገፈችና ተነሳች።

ሄደች። ቀጥ ብላ፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች፣ ደረጃውን ሳታይ ወርዳ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ተከተልኩ። መረቡ ሥር ጎንበስ ብላ ገባችና ችግኙ ፊት ቆመች። ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ አሸት አደረገችው፣ ጣቷን አሸተተች። እናቴን እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ አባዬ ሲሞት እንኳ።

«አልተሳልኩም» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ ሲቆሙ ከአፌ ወጣ። በገብርኤል ስም ዋሸሁ።»

«ለምን?»

«አባትሽ ለሁለት ዓመት ነው ብለው አመጡኝ። ይኸው ሃምሳ ሁለት ዓመቴ። ከቦንጋ ስወጣ እናቴ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ሸኘችኝ። ሁለተኛ አላየኋትም። ምነው እንደዚያ ስሄድ የሆነ ነገር ብላ ባስቀረችኝ እያልኩ ኖርኩ። እና ያንቺ ቀን ሲመጣ እኔ የሆነ ነገር አልኩ።» በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «ባዶ ቤት ፈራሁ፣ ፀዲ። በቃ።»

«ሁለት ዓመት ተሸከምኩሽ እኮ፣ እማዬ። ወገቤ እስኪቆረጥ።»

«አውቃለሁ። ስትሸከሚኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ብዙ ክፉ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳምንታት ሙሉ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደርድሬው ነበር። አንዱም አልወጣልኝም። የሞቱትን ዘጠኙን ግን ይቅር አላልኳትም። ነገርኳትም። «እነሱስ ምን አደረጉሽ?» አልኳት። አንገቷን ደፋች።

«ልትሄጂ ነው?» አለችኝ።

«ሐሙስ ነው የምሄደው። ከፈለግሽ አብረሽን ትመጫለሽ፤ ሁለት ክፍል ነው፣ ጀንበሬ ራሱ ብሏል።»

«አሁን አልመጣም። አባትሽ እዚህ ናቸው። በታኅሣሥ ለቁልቢ እመጣለሁ፣ በእግሬ። መልአኩን ይቅርታ የምጠይቀው አለኝ። ከዚያ አልፌ ቤትሽን አየዋለሁ።» ችግኙን እንደገና አየች። «ይሄንንስ ማን ያጠጣዋል?»

«አንቺ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ከጀዋሪያ ክሊማ ነው የምትቀጂው። የቧንቧ ውሃ እንዳታስጠጊው።»

ከዚያ የተነጋገርነው ስለ ሻንጣና ስለ ልብስ ነው። ማታ ሳፋውን ሳመጣ «ተዪው፣ እኔ እታጠባለሁ» አለች። ደጃፍ ላይ ቆሜ ስትታጠብ አየኋት፤ እጄ የሚሠራውን አጥቶ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት ጀንበሬ መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አቁሞ መጣ። እማዬን ጉልበቷን ስሞ «እማማ ፋናዬ፣ ይመርቁን» አላት። መረቀችን፤ ረጅም ምርቃት ነበር። ጀንበሬ ሻንጣዬን አነሳ። ሁለተኛውን ችግኝ እኔ በእጄ ያዝኩ፤ ጓሮው ላይ ጥላ አለ ብሎኛል። የግቢውን ቁልፍ ከአንገቴ አውጥቼ በእማዬ አንገት ላይ አጠለቅሁላት።

ተሳስመን በሩን ወጣሁ። እማዬ እዚያው በሩ ላይ የምትቀር መስሎኝ ነበር። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ።

«ፀዲ!» አለች። የለመድኩት ጥሪ ነው፤ እግሬ በራሱ ቆመ። «ውሃውን በቀን ስንት ጊዜ ነው ያልሽኝ?»

«ሦስት ጊዜ። በጣትሽ እየረጨሽ።»

«ሦስት ጊዜ» አለች፤ አልተመለሰችም። በግራዬ ሆና አብራኝ መሄድ ጀመረች። ከቤታችን እስከ ዋናው መንገድ ስንት እርምጃ እንደሆነ ለክቼው አላውቅም፤ እናቴ ግን እስከዚያ ድረስ በእግሯ ሸኘችኝ።